ምዕራፍ 5፦ ጉና ሥር የጠፋው ዘመን

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ ሰው ጉናን በስተቀኙ ያገኘዋል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ሆኖም እንደ ስሜን ራሶች ሹል አይደለም፤ ጀርባው ሰፊና ዝርግ፣ አወጣጡም ዝግ ያለ ነው። በዚህ ደጋ መንገድ ወይም ወንዝ ገደሉን በቆረጠበት ብዙ ቦታ ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ ተነባብሮ ይታያል። በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ቀጭን መስመር ይገኛል። ድንጋዩ ግዙፍ ስለሆነ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ስለ ቀዩ መስመር ነው።

በምዕራፍ 2 ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ፣ ፈስሶ የረጋ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ከሥሩ በመጣ ሙቀት እንዴት ከፍ ከፍ እንዳለና ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደተከፈለ ተመልክተናል። በሁለቱም ቦታ «ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት» የሚል ሐረግ ያለ ማብራሪያ ጥለን አልፈናል። ያን ቁጥር ማን ቆጠረው? ከቴዎድሮስ ዘመን በፊት አንድም ሰው ያልጻፈለትን ገደል ዕድሜ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሥነ ምድር ወይም ጂኦሎጂ የሚባለው ዕውቀት የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ነው።

የተመረገ ግድግዳ

አንድ የቆየ ማድ ቤት እናስብ። ግድግዳው ተማግሮ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጓል። የምድጃው ጭስ ቀን በቀን ያጠቁረዋል፤ ጥቀርሻ ይይዛል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለሠርግ ወይም ለዓመት በዓል ሲባል ባለቤቶቹ በጥቀርሻው ላይ አዲስ ጭቃ ይመርጉበታል። እንደገና ጭስ፣ እንደገና ጥቀርሻ፣ እንደገና ምርጊት። የልጅ ልጆቹ መስኮት ለማውጣት ግድግዳውን ሲፈነቅሉት በቁርጡ ላይ ወፍራም የጭቃ ንብርብሮችና በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠኑ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ።

የግድግዳውን ዕድሜ ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ መጀመሪያ የሚያደርገው የጭቃውን ውፍረት መለካት ነው። ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል። እያንዳንዱ ምርጊት የአንድ ቀን ሥራ ነው። አራት ምርጊት ያለው ግድግዳ በጭቃው ብቻ ከተቆጠረ የአራት ቀን ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል። ቤተሰቡ የኖረባቸው፣ እንጀራ የተጋገረባቸው፣ ልጅ ያደገባቸው ዓመታት ሁሉ ያሉት ማንም በማይለካቸው ጥቋቁር ክሮች ውስጥ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ጠንቃቃ መራጊ አዲሱ ጭቃ እንዲይዝለት ጥቀርሻውን አስቀድሞ ይፍቃል። ያኔ ሁለቱ የጭቃ ንብርብሮች ያለ ምንም ክር ተጋጥመው ይታያሉ። በመካከላቸው አንድ ሳምንት ይሁን ሃያ ዓመት ያለፈው ግድግዳው ራሱ አይናገርም።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እንያዝ። ውፍረት ዘመን አይደለም። ዘመን የሚበዛው በመጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያውም ሊፋቅ ይችላል። የጥንት ሰዎች ስለ ምድር ዕድሜ የሰጡት ብዙ ግምት የተሳካውም የተሳሳተውም በእነዚህ ሦስቱ ነው።

ከአዳም የተቆጠረ ዘመን

የዓለም ዕድሜ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሊቃውንት በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ዓመተ ዓለሙን ያውጃሉ፦ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ተጨምሮ። በ2018 ዓ.ም ድምሩ 7518 ይሆናል። ሒሳቡ የቆመው በትውልድ ሐረግ ላይ ነው፤ አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው ስንት ነበር፣ ሴትስ ሄኖስን ሲወልድ፣ እየተባለ ይወርዳል።

በአውሮፓም ሊቃውንት በዚሁ መንገድ ቆጥረዋል። ከሁሉ የታወቀው አየርላንዳዊው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው ሥራው ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት አስቀምጦታል። በእኛና በአሸር መካከል ያለው የ1500 ዓመት ያህል ልዩነት ከሒሳብ ስሕተት የመጣ አይደለም። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚከተለው የሰባ ሊቃናትን የግሪክ ትርጉም ነው፤ በዚያ መሠረት አዳም ሴትን የወለደው በ230 ዓመቱ ነው። አሸር የተከተለው የዕብራይስጥ ጽሑፍ 130 ይላል። እንዲህ ያለው ልዩነት በየአባቱ ሲደጋገም ድምሩ ይሰፋል።

ይህ አቆጣጠር ለሌላ ዓላማ የቆመ ነው፤ ጾምና በዓል የሚወጣበት ሥርዓት ስለሆነ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመን አንድ ጠባዩ ነው፦ ሰንሰለቱ አይበጠስም። የአባት ዘመን የልጁን ይዞ ይሄዳል፣ የልጁም የልጅ ልጁን፤ በመካከል የሚቀር ዓመት የለም። ድንጋይ ግን እንዲህ ያለ ምስክር አይደለም። አንድ ነገር ይናገርና ዝም ይላል። የዝምታው ርዝመት ስንት እንደሆነ አይነግረንም።

ከእኛ የሄደው ደለልና የሄሮዶቱስ ሒሳብ

በሰው ትውልድ ፋንታ ምድርን ራሷን ለመቁጠሪያነት ከተጠቀሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው። ግብፅን ሲጎበኝ የታችኛው ሸለቆ በወንዙ ደለል የተሞላ መሆኑን አስተዋለ፤ በኮረብቶች ላይም የባሕር ዛጎል አየ። ከዚያም አንድ ደፋር ሒሳብ ሠራ፤ ዓባይ ፊቱን ወደ ቀይ ባሕር ቢያዞር በ20,000 ዓመት፣ ምናልባትም በ10,000 ዓመት ውስጥ ባሕሩን በደለል ይሞላዋል አለ።

ሄሮዶቱስ ያን ደለል የላከው አገር የት እንደሆነ አላወቀም። አብዛኛው ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው። የጉና ዙሪያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በምዕራብ በኩል ርብና ጉማራ ይወርዳሉ፤ የያዙትን አፈር በፎገራ ሜዳና በጣና ሐይቅ ዳር ስለሚያራግፉ የእነሱ ደለል ከቤቱ ብዙም አይርቅም። ሩዝ የሚዘራበት የፎገራ ጥቁር መሬት በዚህ መንገድ የተከማቸ ነው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ፣ በጋይንትና በስማዳ በኩል የሚታጠበው አፈር ግን በሸለቆዎቹ ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ለዘመናት ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ሲሄድ የኖረውም እሱ ነው።

ከሄሮዶቱስ ሒሳብ ውስጥ ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፤ አንድ ነገር በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚከማች ካወቅን፣ የተከማቸውን ለክተን ለዓመታዊው ማካፈል እንችላለን። ለግድግዳው እንግዳም ሆነ ለሄሮዶቱስ ሒሳቡ አንድ ነው። የሚሠራው ግን ክምችቱ ካልተቋረጠና ካልተፋቀ ብቻ ነው።

ጣና ራሱ ይህን ያስተምራል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ መሐል ቧንቧ ሰድደው ያወጡት ጭቃ ሐይቁ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረ አሳይቷል። ዛሬ ታንኳና ጀልባ በሚቀዘፍበት ቦታ ያኔ የጠነከረ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ነበር። በድርቁ ዘመን አዲስ ጭቃ በሐይቁ ወለል ላይ አልተኛም፤ የነበረውም ሳይታጠብ ወይም በነፋስ ሳይወሰድ አልቀረም። የጭቃውን ውፍረት ብቻ ለክቶ የሚያካፍል ሰው ይህን ዘመን ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል። ድርቁ የታወቀው ተመራማሪዎቹ የጭቃው ጠባይ የተለወጠበትን መስመር ስለመረመሩ ነው።

የታችኛው ይቀድማል

ሥነ ምድር ሕግ ያገኘው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ በጣልያን ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1669 ባሳተመው አጭር መጽሐፍ አንድ ቀላል ነገር ጻፈ፤ ንብርብሮች ካልተገለበጡ በስተቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። ዛሬ ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ያኔ ግን ተራራን እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ለማንበብ ያስቻለ ቁልፍ ነበር። ሆኖም የስቴኖ ሕግ የሚነግረው ቅደም ተከተልን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም እንጂ በስንት ዓመት እንደሚቀድም አይናገርም።

የመጋጠሚያውን ምሥጢር የገለጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሃተን ነው። ሃተን ገበሬ ነበር፤ ዝናብ የእርሻውን አፈር እየጠረገ ሲወስድበት ያይ ነበርና ምድር ሁሉ እንዲህ እየታጠበች ባሕር ውስጥ የምትገባ ከሆነ እንደገና የሚያነሣት ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1785 ኤዲንብራ ውስጥ ለምሁራን ማኅበር አቀረበ።

ሃተን በ1788 ሲካር ፖይንት በተባለ የባሕር ዳርቻ ያየው ድንጋይ የሐሳቡ ማረጋገጫ ሆነ። በታች ያለው ንብርብር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከላዩ ሌላ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ጋደም ብሎ ተኝቷል። ይህ እንዲሆን የታችኛው ባሕር ውስጥ መከማቸት፣ መጠንከር፣ መታጠፍ፣ ከባሕር መውጣት፣ አናቱ መታጠብ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ላይኛው መከማቸት የጀመረው። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው በሁለቱ ድንጋዮች ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መስመር ላይ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ያ መስመር ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይዟል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ታቦር በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል የሚሄድ መንገደኛም ከዚህ የሚበልጥ መስመር አቋርጦ ያልፋል። በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር እዚያ በነበረ ጊዜ የተከማቸ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል፤ ከዚያም ባዛልቱ ይመጣል። ከባሕሩ ዘመን እስከ ባዛልቱ ዘመን ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፏል። አውቶቡሱ ግን ይህን ሁሉ በጥቂት ጠመዝማዛ መታጠፊያዎች ውስጥ ይጨርሰዋል።

ከውሃ ወይስ ከእሳት

በሃተን ዘመን የባዛልት ነገር ራሱ ክርክር ነበረበት። በጀርመን ፍራይበርግ ያስተምር የነበረው አብርሃም ቨርነር ባዛልት ከጥንታዊ ባሕር ውስጥ ዘቅጦ የተጠራቀመ ነው ይል ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዴማሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1763 ኦቨርኝ በተባለ አውራጃ ጥቁሩን ድንጋይ ተከትሎ ሲሄድ መነሻው የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ሆኖ አገኘው። በስተመጨረሻ ያሸነፈው የእሳቱ ወገን ነው።

የክርክሩ ውጤት ለእኛ ገደል ትልቅ ትርጉም አለው። ባዛልት ከውሃ የሚዘቅጥ ቢሆን ኖሮ የጋይንት ገደል ቁመት የማያቋርጥ፣ ዝግ ያለ ክምችት ይሆን ነበር፤ ውፍረቱም ዘመንን ይለካ ነበር። ከእሳት የመጣ ከሆነ ግን ይፈስሳል፣ ይረጋል፣ ያቆማል። የሚቀጥለው እስኪመጣ ድረስ መሬቱ ዝናብ ይመታዋል፣ አፈር ይሆናል፣ ሣርና ዛፍ ያበቅላል። ቀዩ መስመር ይህ ነው። አዲሱ ቅልጥ ድንጋይ ሲፈስስበት ተቃጥሎ የተቀበረ የጥንት ማሳ ልንለው እንችላለን።

ብላንፎርድና የቴዎድሮስ መንገድ

በዚህ ደጋ ላይ ከተደረጉት ቀደምት የሥነ ምድር ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በጦርነት መካከል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ በጋፋት የተቀለጠውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ነበር። ለእሱ ማለፊያ በሠራዊታቸው ጉልበት መንገድ አስጠረቡ፤ መንገዱ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶ ይወጣ ነበር። ጉዞው ወራት የፈጀበት ምክንያት የመሬቱ አሠራር ነው። ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ንብርብር ግን ቶሎ ታጥቦ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ስለዚህ ሸለቆው እንደ እርከን ይወርዳል። ሠራዊቱ የተዋጋው ከእያንዳንዱ እርከን ጫፍ ጋር ነው።

ከሌላው አቅጣጫ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ቴዎድሮስን ሊወጋ የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ይመጣ ነበር። ከጦሩ ጋር በሕንድ የሥነ ምድር ቅየሳ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ ሰው ነበረ። ብላንፎርድ በሕንድ ደካን የሚገኘውንና የእኛን የሚመስለውን የባዛልት ደጋ ቀደም ብሎ ያጠና ነው። ሌላው ሲዘምት እሱ ድንጋይና እንስሳ እየሰበሰበ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ምድርና እንስሳት መጽሐፍ አሳተመ። የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይና የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚባሉት ስያሜዎች ከእሱ የመጡና እስከ ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው። በላያቸው ያለውን ባዛልትም የአሸንጌና የመቅደላ ብሎ በሁለት ከፈለው፤ የአሸንጌው የታችኛው፣ የመቅደላው የላይኛው ነው።

ጦሩ መቅደላ ላይ ስለተመለሰ ብላንፎርድ ደብረ ታቦርን አላያትም። ሥራው የስቴኖ ሕግ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሲተገበር የሚያሳይ ነው፤ የቱ እንደሚቀድም በትክክል አስቀመጠ። ስንት ዓመት እንደሚቀድም ግን በእሱ ዘመን ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ገና አልተፈጠረም።

የማይሳሳት ሰዓት ፍለጋ

ብዙ ሰዓት ተሞክሯል። ፈረንሳዊው ቡፎን የብረት ድቡልቡሎችን አግሎ የሚቀዘቅዙበትን ጊዜ ለካና ለምድር 75,000 ዓመት ያህል ሰጣት። አየርላንዳዊው ጆን ጆሊ እ.ኤ.አ. በ1899 የባሕርን ጨው ወንዞች በየዓመቱ በሚያመጡት አካፍሎ ከ80 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት አገኘ። ከሁሉ የተፈራው የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን ነበር፤ በ1862 ምድር ከቅልጥነት እስከ ዛሬው ሙቀቷ ለመብረድ የሚያስፈልጋትን ጊዜ አስልቶ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት አለ፤ ኋላም በ1897 ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን አወረደው። ሒሳቡ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በምድር ሆድ ውስጥ ያለው ትኩስ ቁስ በዝግታ እየተዘዋወረ ሙቀትን ወደ ላይ እንደሚያመጣ አልገመተም። እነዚህ ሁሉ ሰዓቶች አንድ ደዌ አለባቸው፤ ፍጥነታቸው እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል።

ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ሰዓት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 አንሪ ቤክሬል የዩራኒየምን ጨረር ካየ በኋላ ነው። አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በራሳቸው እየፈረሱ ወደ ሌላ ይለወጣሉ። ሙቀት አያፋጥናቸውም፤ የተራራ ክብደትም አያዘገያቸውም። እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ከ1911 ጀምሮ ይህን ለድንጋይ ዕድሜ መለኪያ አደረገው።

ለእኛ ባዛልት የሚስማማው ሰዓት ፖታሲየም ነው። በድንጋዩ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚፈርሰውም ከፊሉ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስስ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን በውስጡ መታሰር ይጀምራል። ስለዚህ ሰዓቱ የሚጀምረው ቅልጡ በረጋበት ጊዜ ነው። በድንጋዩ ውስጥ የታሰረውን አርጎን የለካ ሰው ድንጋዩ የተወለደበትን ዘመን ያውቃል። ወደ ግድግዳችን ስንመለስ፣ ይህ በእያንዳንዱ ምርጊት ላይ የተመረገበት ቀን ተጽፎ እንደማግኘት ነው። የሁለት ምርጊቶች ቀን ከታወቀ ጥቀርሻው ቢፋቅም እንኳ በመካከላቸው ያለፈው ዘመን በመቀነስ ይገኛል።

የጉና ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚህ ዘዴ የሰሜን ኢትዮጵያን ባዛልት ከታች እስከ ላይ ለካ። ውጤቱ አስደናቂ ነው። በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍረው ይህ ሁሉ ድንጋይ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ 1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ለመረዳት እንዲቀል ቁጥሩን እናለስልሰው። 2 ኪሎ ሜትሩ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ከሚወፍሩ 100 ፍሳሾች የተሠራ ነው እንበል። 20 ሜትር የሚወፍር ቅልጥ ድንጋይ ለመርጋት ጥቂት ዓመታት ይበቁታል። ለጋስ እንሁንና ለመፍሰሻውም ለመርጊያውም ለእያንዳንዱ 100 ዓመት እንስጠው። መቶው ፍሳሽ በድምሩ 10,000 ዓመት ወሰደ ማለት ነው። ይህ ከ1 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ መቶኛው ነው። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ መቶኛ በድንጋዩ ውስጥ የለም፤ በመጋጠሚያዎቹ ተበትኗል፤ በአማካይ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 10,000 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ፍሳሾቹ እኩል እየተራራቁ የመጡ አይደሉም፤ አንዳንዱ መስመር አጭር ጊዜ፣ ሌላው እጅግ ረጅም ጊዜ ይይዛል። ሒሳቡ የሚያሳየው ጠቅላላውን ነገር ነው፤ ገደሉን ያቆመው ድንጋይ ቢሆንም ዘመኑን የያዙት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው።

ጉና ላይ ሲደረስ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ጉና የደጋው ባዛልት አካል አይደለም፤ በላዩ የበቀለ፣ እንደ ጋሻ የተንጣለለ ለብቻው የቆመ እሳተ ገሞራ ነው። ዕድሜው ሲለካ 10.7 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ስሜን ግን የተሠራው ከደጋው ባዛልት ጋር በአንድ ዘመን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የጎጃሙ ጮቄ ደግሞ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማው ነው። ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሱ የአማራ ተራሮች ናቸው፤ በሩቅ ለሚያያቸው እኩዮች ይመስላሉ፤ የዕድሜያቸው ልዩነት ግን ከአንድ ተራራ ዕድሜ ይበልጣል።

በ30 ሚሊዮን ዓመቱ የደጋ ባዛልትና በ10.7 ሚሊዮኑ ጉና መካከል 19 ሚሊዮን ዓመት ያህል አለ። ይህን ያህል ዘመን ጉና ገና አልነበረም፤ ዛሬ ተራራው የቆመበት መሬት ዝናብ የሚመታው፣ ወንዝ የሚቆርሰው ደጋ ነበር። ጮቄ በደቡብ ተነሥቶ እሳቱ ጠፍቷል። ወንዞች ሸለቆ ጀምረዋል። በስቴኖ ሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጉና ከደጋው በኋላ የመጣ ነው» ከማለት በላይ ማለት አይቻልም ነበር። ድምፅ የሌለውን ዘመን መጠን የነገረን ሰዓቱ ነው።

የምድር የራሷ ክፍተት

ይህ ሁሉ ከሆነ፣ ወደ ታች መውረድ ስንቀጥል የመጨረሻውን፣ የመጀመሪያውን ምርጊት እናገኝ ይሆን? አናገኝም። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከታወቁ ድንጋዮች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በካናዳ የሚገኘው ሲሆን 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማው ነው። በአውስትራሊያ የተገኙ ዚርኮን የሚባሉ ጥቃቅን ማዕድናት 4.4 ቢሊዮን ዓመት ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ቀልጧል፣ ተደባልቋል፣ ተፍቋል።

ስለዚህ አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ከምድር ድንጋይ ብቻ አልፈለገም። ፕላኔቶች ከተሠሩበት ቁስ የተረፉና ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ወሰደ፤ ከእነሱም አንዱ በአሪዞና የወደቀው የብረት ስባሪ ነው። በውስጣቸው ያለውን እርሳስ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1956 ያስታወቀው ቁጥር 4.55 ቢሊዮን ዓመት ነው። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። ምድር የራሷን ልደት የሚመሰክር ድንጋይ አላስቀረችም፤ ታሪኳ የሚጀምረው በክፍተት ነው።

እኛ ያለንበት መስመር

ይህ ዕውቀት ለደቡብ ጎንደር ገበሬ ሩቅ ነገር አይደለም። እርከን በመሰለው ሸለቆ ላይ ማሳና መንደር ያለው ለስላሳው ንብርብር ታጥቦ ወለል ባበጀበት ቦታ ነው። ውሃም ከላይ በተሰነጠቀው ባዛልት ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ሸክላ ከሆነው ቀይ መስመር ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ብዙ የደጋ ምንጭ የሚፈልቀው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። ምንጭ ቆፋሪ ይህን መስመር ሲያገኝ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበረ መሬት ላይ መድረሱ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ዛሬ የፋርጣና የእስቴ ገበሬ የሚያርሰው አፈር ራሱ እንዲህ ያለ መስመር ነው። ከሥሩ የረጋ ባዛልት አለ፤ በላዩ ገና አዲስ ፍሳሽ አልመጣም። ዝናብና ሥር ድንጋዩን እያላሉ ያዘጋጁት ይህ ቀጭን ሽፋን ከታች ያለውን ጥቁር ድንጋይ ለማፍሰስ ከወሰደው ጊዜ እጅግ የበለጠ ፈጅቷል። አንድ ሳንቲሜትሩ ብቻ የመቶዎች ዓመት ሥራ ነው። ጥቀርሻውን እንደሚፍቅ መራጊ፣ በአንድ ክረምት ጎርፍ ቦረቦር ሲከፈትና አፈሩ ወደ በሽሎ ወይም ወደ ርብ ሲወርድ ከማሳው ጋር የተፋቀው ያ ዘመን ነው።

ስለዚህ አንድ ተዳፋት ተሸርሽሮ ድንጋዩ ሲገጥ «መሬቱ ተጎዳ» ማለት ይበቃ ይሆናል፤ በዚህ ምዕራፍ ዓይን ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩ አለ፣ ዘመኑ ሄዷል። ድንጋይ በቀላሉ አይጠፋም። የሚጠፋው በድንጋዩ ላይ የተሠራው ነው፤ እሱን ለመመለስ ገንዘብም ጉልበትም ሊያሳጥረው የማይችል ጊዜ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 6 አፈር እንዴት እንደሚፈጠር፣ ለምን በፎገራ ጥቁር፣ በደጋው ቀይ እንደሚሆንና እርከን መሥራት በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስንት እንደሚያተርፍ እናያለን።